ሽማግሌ የሌለው ሐይቅ

ሰቆጣ ላይ ቆሞ ስለ ባሕር አረም የሚናገር ሰው ቢገኝ፥ አድማጩ መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎም ሰውየውን ፀሐይ መትቶት እንደሆነ ይጠይቃል። ዋግ በተራራና በገደል፥ በፍየልና በማር የሚታወቅ አገር ነው። ባሕርን የሚያውቀው በአሞሌ ነበር። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በጭነት ከብት የሚመጣው ጨው፥ ይኸውም በጥንት ዘመን ደርቆ የቀረው የቀይ ባሕር ክንድ ትራፊ፥ የሰቆጣን ገበያ ለብዙ ዘመን ስመ ጥር አድርጎት ኖሯል። ከዚህ አልፎ ባሕርን የምናውቅበት ምክንያት አልነበረንም። ስለዚህ በውሃ ዳር ስለሚበቅለው አረምና በየወቅቱ ስለሚያሳየው ለውጥ ልጽፍ ስነሣ፥ የሚስቅ አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም። ነገር ግን ጥቂት ይታገሠኝ።

የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከሰቆጣ በስተምዕራብ ባለው ቆላ፥ በአበርገሌና በዝቋላ ወረዳዎች ዳርቻ፥ አያቶቻችን ያላዩት ሐይቅ ተኝቷል። የግድቡ ቁመት 188 ሜትር ነው፤ 300 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሰጥ ታስቦ የተሠራ ሲሆን፥ ሲሞላ ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይይዛል። ይህን ቁጥር ለፈተና ሸምድደነዋል። ስለ ቁመቱ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ኃይሉም ብዙ ተወርቷል። ስለ ዳሩ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የእኔ ክርክር ስለ ዳሩ ነው። ሰው የሚሰፍረው፥ ዓሣ የሚራባው፥ ፍየል ወርዳ የምትጠጣው፥ ልጅ በጀሪካን የሚቀዳው ከሐይቁ ዳር ነውና።

ሐይቁ ከእኛ ከተማሪዎቹ በዕድሜ ያንሳል። ይህ ተራ ነገር ይመስላል፤ የነገሩ ሥር ግን እዚህ ላይ ነው። ተከዜ ወንዝ ብቻ በነበረበት ዘመን ባላገሩ ጠባዩን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። መሻገሪያው በየትኛው ወር እንደሚዘጋና በየትኛው ወር እንደሚከፈት፥ ደራሽ ውሃ ሲመጣ ድምፁ ከየት በኩል እንደሚሰማ፥ ከብት በየት በኩል ወርዶ ቢጠጣ እንደሚሻል፥ ወባ መቼ እንደሚበረታ ልጅ ከአባቱ ይማር ነበር። ያ ዕውቀት መጽሐፍ አልነበረውም፤ ሽማግሌ ግን ነበረው። ሐይቁ ሲመጣ መሻገሪያውም፥ መጠጫውም፥ ለምልክት የሚታየው ድንጋይና ዛፍም አብሮ ሰጠመ። እንግዲህ በዚህ አዲስ ውሃ ዳር የሚኖር ሰው ስለ ውሃው ማንን ይጠይቅ? «እኔ በልጅነቴ ይህ ሐይቅ እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ» የሚል አንድም ሽማግሌ በአገሩ የለም። ሐይቁ ሽማግሌ የለውም። ሽማግሌ የሌለው አገር ደግሞ ሕጉን ከጎረቤት ይዋሳል፤ የተዋሰውም ሕግ ልኩ አይሆንም።

የውሃ ዳር አረም ነገር ምን ያህል በወቅት የተመራ እንደሆነ ለመረዳት፥ ወደ ሌሎች አገሮች ጥቂት እንመልከት። የባሕር አረም የሚያጠኑ ሊቃውንት አዘውትረው ከሚመላለሱባቸው ቦታዎች አንዱ ወንዝ ከባሕር የሚገባበት አፍ ነው። በዚያ ጨውና ጣፋጭ ውሃ ይታገላሉ፤ ጭቃና ጥሩ ውሃ ይፈራረቃሉ። ባሕሩ በአብዛኛው አገር በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። አረሙም በዚሁ ልክ ይሰለፋል፤ ድርቀትን የሚችለው ከላይ፥ የማይችለው ከታች ይበቅላል። ወቅትም የራሱን ለውጥ ያመጣል። በአውሮፓ ቀዝቃዛ ባሕሮች ዳር፥ የባሕር ሰላጣ የሚባለው አረንጓዴ ቅጠል በበጋቸው ጭቃውን ሁሉ ሸፍኖ ይታያል፤ ብርድ ሲገባ ተበጣጥሶ ይጠፋል። ቡናማው አረም ዓመቱን ሙሉ ድንጋዩን እንደያዘ ይቆያል። ከቀዮቹ ወገን ደግሞ በብርድ ወራት ታይቶ ሙቀት ሲመጣ የሚሰወር አለ። በሐምሌ አይቶ የሄደ ሰውና በጥር አይቶ የሄደ ሰው ስለ አንዱ ዳርቻ ቢከራከሩ፥ ሁለቱም እውነት ተናግረው ሁለቱም ይሳሳታሉ።

በተከዜ ሐይቅ ጨው የለም፤ እውነተኛው የባሕር አረምም የለም። ነገር ግን የእርሱ ዘመድ አለ። የሳይንስ መጻሕፍት ዋቅላሚ ወይም አልጌ የሚሉት፥ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ እግር የሚያንሸራትተው፥ ሌላው ወገኑ እንደ ፀጉር በውሃ ውስጥ የሚረዝመው፥ ሌላው ደግሞ አንዱ ብቻውን በዓይን ሳይታይ ብዛቱ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ይህ ነው። ሥርዓቱም ከባሕሩ ጋር ይመሳሰላል። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ የሚያደርገውን የእኛ ሐይቅ በዓመት አንድ ጊዜ ያደርገዋል፤ አንድ ጊዜ ይሞላል፥ አንድ ጊዜ ይጎድላል።

ሂደቱ እንዲህ ነው። የዋግ ዝናብ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይዘንባል። ተከዜ ከላስታ ተነሥቶ፥ እንደ ፀላሪ ያሉትን የዋግ ወንዞች ግብር ተቀብሎ፥ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ይወርዳል። ውሃው ይደፈርሳል። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ብርሃን አይገባም፤ ብርሃን የማያገኝ ተክልም አያድግም። ቀድሞ በዳር ድንጋይ ላይ የነበረው አረንጓዴ ነገር ከፊሉ በደለል ይቀበራል፤ ከፊሉም ውሃው ከፍ ሲል ጥልቅ ውስጥ ይቀራል። መስከረም ጠብቶ ጎርፉ ሲበርድ ደለሉ ቀስ በቀስ ይሰፍራል። ጭቃው ከደጋው ማሳ ጠርጎ ያመጣው ለም ነገር ግን በውሃው ውስጥ ይገኛል። ብርሃንና ልማት በአንድ ቤት ሲገናኙ አዲስ አረንጓዴ በድንጋዩ ላይ ይጀምራል። ከኅዳር ወዲያ ውሃው እየጠራ ይሄዳል። ከዚያም ፀሐይ ትበረታለች፤ ተርባይኑ ከታች ይወስዳል፥ ሙቀቱ ከላይ ይወስዳል፤ ሐይቁም ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ትናንት በውሃ ውስጥ ለምልሞ የነበረው ድንጋይ ዛሬ ሜዳ ላይ ቀርቶ፥ አረንጓዴው ደርቆ ቅርፊት ይሆናል። ከውሃ በወጣው እርጥብ መሬት ላይ ሣር ብቅ ሲል ፍየሉና ከብቱ ይከተለዋል። እንዲህ እያለ ሰኔ ይመጣል፤ ነገሩም እንደገና ይጀመራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚለዋወጠው ወንዙ ከሐይቁ የሚገባበት አፍ ነው። ጭቃ ቀድሞ የሚደርሰው እዚያ ነው። ውሃው ሲጎድል ዳርቻው በእርምጃ ሳይሆን በሰዓት መንገድ የሚሸሸው፥ ምድሩ ተዳፋትነት በሌለበት በዚያው ነው። እንዲያውም አፉ ራሱ ቦታውን ይለውጣል፤ በመስከረም ሐይቅ የነበረው በግንቦት ወንዝ ይሆናል። ስለዚህ «የሐይቁ ዳር» ብሎ በአንድ ቃል መናገር ብቻ አይበቃም። የየትኛው ወር ዳር? ተብሎ መጠየቅ አለበት።

«ታዲያ ይህ ለዋግ ሰው ምኑ ነው?» የሚል ይኖራል። መልሱ ዓሣ ነው። ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ዋነኛ ምግቡ ይኸው በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈውና በድንጋይ ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ ነገር ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ዳር ላይ መሬቱን ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል፤ ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ስለዚህ ውሃው በድንገት ቢጎድል ጎጆው ደረቅ ላይ ይቀራል። የጣና ነጭ ዓሣ ደግሞ ክረምት ሲገባ ወንዝ ወንዙን ሽቅብ ወጥቶ በጠጠር ላይ እንደሚራባ ከታወቀ ቆይቷል። ይህን ጠባይ ላለው ዓሣ የወንዙ አፍ በር ነው። በዚያ በር ላይ በመራቢያው ወር የተዘረጋ መረብ የሚይዘው የዚያን ዕለት ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የከርሞውንም ነው። ገበያው ግን ይህን አይጠይቅም። ዓሣ በብዛት የሚፈለገው በሁዳዴ ነው፤ ሁዳዴ ደግሞ ውሃው የሚሸሽበት ጊዜ ነው። ገበያው በራሱ ቀን መቁጠሪያ ይሄዳል፥ ዓሣው በውሃው ቀን መቁጠሪያ ይሄዳል። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ እርሱም በዳር ቆሞ የሚቆጥር ሰው ነው።

ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 315/1995 ሐይቁ ሳይሞላ የታወጀ ነው። ሕጉን አልነቅፍም፤ ሕግ ግን ቁልቁል ወርዶ ከእያንዳንዱ ውሃ ጠባይ ጋር መስማማት አለበት። ዓሣ የማይጠመድበት ወር ይወሰን ቢባል፥ ወሩ ከየት ይምጣ? የጣናን ወር ቀድተን ለተከዜ ብንሰጠው፥ ጣና የተፈጥሮ ሐይቅ፥ ተከዜ ግን በገደል መካከል በግድብ የታሰረ ወንዝ መሆኑን መርሳታችን ነው። ጥናት ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም። ከመቀሌም ከሰቆጣም ተመራማሪዎች ወደ ሐይቁ ወርደው ሠርተዋል፤ ሊመሰገኑም ይገባል። ነገር ግን ጥናት እንግዳ ነው፤ ጥቂት ወራት ሰንብቶ ይሄዳል። ከዓመት ዓመት ከዳር የማይለየው ነዋሪው ነው።

ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ የዚህ አካባቢ ሕዝብ የደረሰበትን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ፈጽሞ እንዲቀር ቃል ሲገባ፥ ለዚያ ቃል ኪዳን የተሰጠው ስም የሰቆጣ ስም ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ። ሥራውም በመጀመሪያ የተሞከረው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ ወረዳዎች ነበር። ቀጥሎም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት መጥቶ፥ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሰው አፈናቀለ። የተፈናቀለ ሰው ወደ ቀየው ሲመለስ በሬውንና ፍየሉን ላያገኝ ይችላል፤ ሐይቁ ግን እዚያው ይቆየዋል። ሥጋ ብርቅ በሆነበት ቤት አንድ ቆሮሶ ለአንድ ሕፃን ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ሐኪም መሆን አያሻም። ታዲያ የዚያ ሕፃን ራት በመጨረሻው የሚመዘዘው በዳር ድንጋይ ላይ ከተለጠፈው አረንጓዴ ነገር ነው።

አረንጓዴ ሁሉ ደግ ነው ደግሞ አንበል። በአዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ ሐይቅ፥ ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ዘር ሲበዛበት አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። ይህ ዘር ጉበት የሚጎዳ መርዝ ማውጣት ይችላል፤ የሚፈላውም በተለይ ውሃው ሲሞቅ፥ ነፋስ ሲረጋና ለም ነገር ሲከማች ነው። በሌላ በኩል በቻድ ሐይቅ አካባቢ የካነም ሴቶች ስፒሩሊና የሚባለውን አረንጓዴ ከኩሬ ቀድተው፥ አጥልለውና አድርቀው በወጥ ይበሉታል። የእኛው የቢሾፍቱ አረንጓዴ ሐይቅም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዘር ቀለም ነው። እንግዲህ አንዱ አረንጓዴ ምግብ፥ ሌላው አረንጓዴ መርዝ ነው። ከሐይቁ ዳር ውሃ የምትቀዳ እናት ሁለቱን በምን ትለይ? የትኛው ወር እንደሚያሰጋ የሚነግራት ማን ነው? በድሮው ዘመን ቢሆን አማቷ ትነግራት ነበር። በዚህ ሐይቅ ግን አማትየዋም ራሷ እንግዳ ናት።

አረም መቁጠር ሥራ ፈትነት ለሚመስለው ሰው አንድ የታወቀ ታሪክ ላቅርብ። ጃፓኖች ኖሪ የሚሉትን ቀይ የባሕር አረም አድርቀው በሩዝ ይበሉታል። ገበሬዎቹ በየወንዙ አፍ አጠገብ በጥልቅ ያልሆነ ባሕር ላይ መረብና ቀርከሃ ተክለው ዘሩ ራሱ እስኪመጣ ይጠብቁ ነበር። ከየት እንደሚመጣ ግን አያውቁም። በብርድ ወራት ይታያል፥ በሙቀት ይጠፋል። አንዱ ዓመት ይሰጣል፥ አንዱ ዓመት ይነሣል፤ ስለዚህም የቁማርተኛ ሣር ይሉት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምርቱ ክፉኛ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ1949 ካትሊን ድሩ የምትባል የማንቸስተር እንግሊዛዊት፥ በአገሯ ዳርቻ የሚበቅለውን የኖሪን ዘመድ ስትከታተል ምሥጢሩን አገኘችው። አረሙ በሙቀት ወራት አልሞተም፤ በባሕር ቅርፊት ውስጥ ገብቶ እንደ ቀጭን ሮዝ ክር ሆኖ ይኖራል። ያንን ክር ሊቃውንት ሌላ ፍጥረት መስሏቸው ሌላ ስም ሰጥተውት ነበር። ጃፓኖች ይህን ሲሰሙ ዘሩን በቅርፊት ላይ ማርባት ጀመሩ፤ ቁማሩም እርሻ ሆነ። ሴትዮዋ ባገባች ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ያገባች ሴት በደመወዝ አልቀጥርም ስላለ፥ ያለ ደመወዝ የምትመራመር ነበረች። ጃፓንን ሳታይ በ1957 ሞተች። እነርሱ ግን በኩማሞቶ ከባሕሩ ፊት ለፊት ሐውልት አቁመው በየዓመቱ ያስቧታል። አረሙ «ጠፋ» የተባለበት ወር ሁሉ ነገር የተሠራበት ወር ነበር። በእኛም ሐይቅ «ምንም የለም» የምንለው የግንቦት ደረቅ ዳር ምን እንደያዘ መጠየቅ ይገባናል።

«አንተ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ፥ ይህን ለሳይንሶቹ ተወው» የሚለኝ አይጠፋም። አልተወውም። ስለ አረሙ ዘር ሳይንሶቹ ይናገሩ፤ ስለ ቃሉ ግን የእኛ ተራ ነው። በሐይቁ ዳር ያለው ሕዝብ አማርኛም ኽምጣናም ይናገራል። ለአዲሱ ውሃ፥ ለአዲሱ ጭቃ፥ ለአዲሱ አረንጓዴ ስም ማውጣቱ አይቀርም። ያንን ስም የሚለቅም፥ ነገሩ ከታየበት ወር ጋር አያይዞ የሚጽፍ ሰው ሽማግሌ ለሌለው ሐይቅ የመጀመሪያውን ተረት ይጽፋል ማለት ነው። ደግሞስ የውሃን ጥራት ለመለካት እስከ ዛሬ የሚያገለግለውን ነጭ ሳህን እ.ኤ.አ. በ1865 ወደ ባሕር ያወረደው ማን ሆነና? አንጄሎ ሴኪ የሚባል ካህንና የከዋክብት ተመራማሪ ነው። ሰማይ ተመልካች ውሃ ከለካ፥ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ማስታወሻ ቢይዝ ምን ያስገርማል?

የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በክረምት ዕረፍት ወደ ዋግ የምንመለስ ተማሪዎች ከዳር አጠገብ ካለ ትምህርት ቤት መምህር ጋር እንስማማ። አንድ ደብተር፥ አንድ በገመድ የታሰረ ነጭ ሳህን፥ በቀለም መስመር የተሰመረበት አንድ ትልቅ ድንጋይ ይበቃል። በየሳምንቱ ልጆቹ አምስት ነገር ይጻፉ፤ ውሃው የት ደረሰ? ሳህኑ ስንት ክንድ ወርዶ ጠፋ? ድንጋዩ ምን ቀለም ያዘ? ዓሣ አጥማጆቹ ምን ያዙ፥ በአፏ እንቁላል የያዘች ቆሮሶስ ታየች? ሰው ያንን ሳምንት በምን ስም ጠራው? እኛ ስንሄድ መምህሩና ልጆቹ ይቀጥላሉ። ደብተሩ አንድ ቅጂ በሰቆጣ ላለው የግብርና ምርምር ማዕከል፥ አንድ ቅጂ ለዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር፥ አንድ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ይሁን። በ1957 ዓ.ም. በዚያን ጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልክ ነበር። ዛሬ ያ ግዴታ የለብንም። ግዴታ ስለሌለ ግን ዕዳው ተከፈለ ማለት አይደለም።

ወንድሞችና እኅቶች፥ ስለ ሕዝብ የምንናገረው ብዙ ነው፤ ከሕዝብ ጋር ቁጭ ብለን የምንቆጥረው ግን ጥቂት ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ አሥር ክረምትና አሥር በጋ ያልፋል። የሚጽፍ ካለ፥ ያን ጊዜ በአበርገሌ ዳር የሚወለድ ልጅ ስለ ሐይቁ ሲጠይቅ ከመምህሩ ደብተር መልስ ያገኛል። የሚጽፍ ከሌለ፥ ሐይቁ እንደ ዛሬው በቁመቱና በሜጋ ዋቱ ብቻ ይታወቃል፤ ዳሩ ላይ ያለው ሰውም ከርሞ የሚበላውን ዓሣ ዘንድሮ በወንዙ አፍ ላይ ይጨርሰዋል።

— የአርት ፋኩልቲ ተማሪ